የቅዳሜው ሰውዬ እና የዓርቡ ሚንበር

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ የወርክሾፑ ልጆች ኬክ ቆረጡልኝ። ኬኩ ላይ በክሬም መጋዝ ሥለዋል፤ ጥርሶቹ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ያዘነበሉ መሆናቸውን ነገርኳቸውና ሳቁ። ከዚያ አንዱ ወጣት ሳህኑን እንደያዘ፣ «ሰይድ፣ ይህን ሥራ የት ነው የተማርከው?» አለኝ።

«ቴሌቪዥን ላይ» አልኩት።

ቀልድ መስሎት እንደገና ሳቀ። እሱ ራሱ እያንዳንዱን ነገር ከስልኩ ነው የሚማረው፤ ቴሌቪዥን ግን ለእሱ እንደ ጋሪ ያለ ያለፈ ነገር ነው። እኔ አልቀለድኩም። ሰው ያስተማረውን መካድ የለበትም፤ መምህሩ በመስታወት ውስጥ ያለ፣ ተማሪው መኖሩን እንኳ የማያውቅ ሰው ቢሆንም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው ብል ይቀላል፤ አማርኛ ግን አያነብም። እንግዲህ ለሚያነብ ይሁን።

ደሴ ሳለሁ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ ምስማር፣ ብርጭቆ ወረቀት ሸጬ ልጆች አሳድጌአለሁ። መጋዝ ግን ሸጬው እንጂ ስቤው አላውቅም ነበር። ዲቪ ደርሶን አትላንታ ስንገባ ፀጉሬ መሸበት ጀምሯል። መጀመሪያ ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ቆየሁ። አለቃዬ የአገር ልጅ ነበር፤ ደግ ሰው ነው፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ቁልፍ ይዞ መሮጥ ለእኔ ሥራ አልመሰለኝም። ስንጨርስ እጃችን ላይ ምንም የሠራነው ነገር አይቀርም።

ታከር ውስጥ በተከራየነው አፓርትመንት ኬብል አላስገባሁም። ልጆቼ በዚህ እስካሁን ይወቅሱኛል። በአንቴና የሚመጡት ጥቂት ጣቢያዎች ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ የሕዝብ ጣቢያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ጣቢያ የእንጨት ሥራ ፕሮግራሞች ተከታትለው ይመጡ ነበር። ብዙዎቹ ድሮ የተቀረጹ፣ እየተደጋገሙ የሚታዩ ናቸው። ከሁሉም አንዱን ወደድኩት። ስሙን በቅጡ መጥራት ስላቃተን በቤታችን «የቅዳሜው ሰውዬ» ተባለ። ግራጫ ሽርጥ የሚያደርግ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል የተጣመሙ ሽማግሌ ነው። ሙዚቃ የለ፣ ጩኸት የለ። ጣውላ ይዞ ይገባል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወንበር ወይም ሣጥን አድርጎት ይወጣል።

እንግሊዝኛዬ ያኔ የመኪና ማቆሚያ እንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልገኝ ነበር፤ አስተርጓሚዬም ትልቋ ልጄ ሐያት ሆነች። ሃይስኩል ተማሪ ነበረች፤ ቅዳሜ መተኛት ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ሱብሒ ሰግዶ መልሶ የሚተኛ ሰው ቀኑን ሰርቋል ብዬ የማምን አባት ነኝ። ብርድ ልብሷን ተጠቅልላ ሶፋው ላይ ትቀመጥና ዓይኗን ሳትገልጥ ትተረጉማለች።

«ምን አለ?»

«መስመሩን አትቁረጠው፤ አጠገቡን ቁረጥና መስመሩን ተወው አለ።»

«ለምን?»

«አባ፣ ቲቪ ተመልሶ አያወራም!»

ባለቤቴ ዘሐራ ከኩሽና ትጣራለች። «ሰውዬው ዛሬ ምን ሠራ?»

«የጫማ መደርደሪያ።»

«ለማን?»

«ለማንም። ለማሳየት ነው።»

«እንግዲያ ለእኛ ይላክልን! በር ላይ ጫማ ሊጥለን ነው።»

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያ ሥራዬ የጫማ መደርደሪያ ሆነ። ከሱቅ ጀርባ የተጣለ የዕቃ መጫኛ እንጨት ሰብስቤ ሠራሁት። ወደ ግራ ያዘነብል ነበር፤ ዘሐራ ከባድ ጫማዎችን በቀኝ በኩል እየደረደረች ታስተካክለው ነበር። ደስታዬ ግን ቤት እንደሠራ ሰው ነበር። ሰው በገዛ እጁ የሠራው ነገር ቢጣመምም እንኳ ቤቱ ውስጥ ሲቆም፣ ያ ቤት የኪራይ መሆኑ ይረሳል።

ብዙም ሳልቆይ ኖርክሮስ ካለ የካቢኔት ወርክሾፕ ገባሁ፤ ለመጥረግና ብርጭቆ ወረቀት ለመምታት። ደመወዙ ከመኪና ማቆሚያው ያነሰ ነበር፤ ዘሐራ «ሰው ወደ ታች ይወጣል እንዴ?» ብላ ጥቂት ቀን አኮረፈች። እዚያ ነው ሚስተር ኦቲስን ያገኘሁት። የወርክሾፑ ፎርማን ነው፤ የጆርጂያ ገጠር ተወላጅ፣ ረጅም ጥቁር ሰው፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ይበልጣል።

ሚስተር ኦቲስ አያስተምርም፤ ይሠራል፣ ያየ ያያል። ጣውላ ሲቀርብለት እጁን ኪሱ ከትቶ መጀመሪያ ዝም ብሎ ያየዋል። ቀጥሎ ጫፉን ወደ ጉንጩ ያስጠጋል፤ እርጥብ እንጨት ይቀዘቅዛል፣ የደረቀው አይቀዘቅዝም ይላል። ሜትር እምብዛም አይጠቀምም። ቀጭን ዘንግ ይወስድና የካቢኔቱን ቁመትና ወርድ እሱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉንም የሚለካው በዘንጉ ነው። «ቁጥር ከወረቀት ወደ ጭንቅላት፣ ከጭንቅላት ወደ እጅ ሲሄድ ይጠፋል። ዘንግ አይጠፋም» አለኝ። የተበላሸ ቁራጭም ወዲያው አያስጥልም። የቆረጠው ሰው በሚገባበትና በሚወጣበት በር አጠገብ ሳምንቱን ሙሉ ያቆመዋል። ማንንም አይሰድብም። ቁራጩ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። የቅዳሜው ሰውዬ የሚሠራው በእውነተኛ እንጨት ነው፤ እኛ የምንሠራው በአብዛኛው ከፋብሪካ ተጣብቆ በሚመጣው በቺፑድና በኮምፔንሳቶ። ከቴሌቪዥን የተማርኩት ሁሉ ለጌጥ ብቻ የሚቀር መሰለኝ። እስከ ኬኔሶው ሥራ ድረስ።

ኬኔሶ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ኩሽና ልንገጥም ሄድን። ግድግዳው እንደ አህያ ጀርባ የጎበጠ ነው። ካቢኔቱ ሲጠጋ ከላይ ይነካል፣ ከታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። አብሮኝ የነበረው ገጣሚ ክፍተቱን በሲሊኮን ማጣበቂያ ሊሞላው ነው። እኔ ግን ይህን ጉዳይ በአንድ ቅዳሜ አይቼዋለሁ። የልጆቼን የትምህርት ቤት ኮምፓስ ከመኪናዬ አመጣሁ፤ ሹሉን ጫፍ በግድግዳው ላይ እያስኬድኩ፣ እርሳሱ የግድግዳውን ጉብታ ክፍተቱን በሚሸፍነው ቀጭን ጣውላ ላይ እንዲሥለው አደረግሁ። መስመሩን ሳልነካ አጠገቡን ቆርጬ ላግሁት። ጣውላው ግድግዳው ላይ እንደ ቆዳ ተቀመጠ።

ሚስተር ኦቲስ ሥራውን ሊያይ ሲመጣ ጥፍሩን በመገጣጠሚያው ላይ አስኬደ። አልያዘውም።

«ማን አሳየህ?»

የቅዳሜውን ሰውዬ ነገርኩት፤ ሽርጡን፣ ጣቶቹን፣ ሥራ ሲጨርስ ዕቃውን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ማድረጉን። ሚስተር ኦቲስ ሳቀ፤ ዓይኑን በእጅጌው እስኪጠርግ ሳቀ።

«እኔም እኮ አያለሁ! ከእሱ ጋር ስከራከር ሚስቴ ከሳሎን ልታስወጣኝ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ሰኞ ጠዋት ሌላ ቀን ሆነ። ሌሎቹ ስለ ኳስ ያወራሉ፤ እኛ ስለ መሳቢያ።

«አየኸው?»

«አየሁት። ኮላ አብዝቷል።»

«አብዝቷል! እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው!»

ኋላ ወርክሾፑ ወደ ታከር ተዛወረ፤ ባለቤቱም ተለወጠ። አዲሱ አለቃ ፍጥነት ይወድ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእኛ ጀመዓ፣ አብዛኞቹ የወሎና የአዲስ አበባ ሰዎች ነን፣ ድሮ የምንጣፍ መደብር የነበረ ቤት ገዝቶ መስጊድ አደረገው። ሁሉ ነገር ተሟላ፤ ሚንበር ቀረ። ሚንበር ኢማሙ ዓርብ ዓርብ ቆመው ኹጥባ፣ ማለትም ስብከት፣ የሚያደርጉበት ባለ ደረጃ መድረክ ነው። አብዱ የሚባል የዕቃ አስመጪ ወንድማችን በወርቅ ቀለም ያጌጠ ከውጭ አገር ይመጣል ብሎ ሥዕሉን በስልኩ ያሳይ ነበር። እኔ እሠራዋለሁ አልኩ።

አብዱ ተጫዋች ነው። «ሰይድ የሚያውቀው የኩሽና ካቢኔት ነው። ኢማሙ ከመሳቢያ ውስጥ ሊወጡልን ነው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ ይማም፣ የጀመዓው ታላቅ፣ እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙና «ይሞክር። ካልሆነ የአብዱ ይመጣል» አሉ።

ለእኔ ነገሩ ከዕቃ በላይ ነበር። እዚህ አገር ስሜ «የዳውንታውኑ ሰይድ»፣ «የሐያት አባት» ነበር። አናጢው ሰይድ ብሎ የጠራኝ የአገሬ ሰው አልነበረም። በሕዝብ ፊት የሚቆም፣ ሰው በየሳምንቱ የሚያየው ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ ከተበላሸ አናጢ የመባል ተስፋዬም አብሮ ይቀራል።

በሰመር፣ ኋላ በተዛወርንበት ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ በቼሪ እንጨት ሠራሁት። ጎኖቹ በፍሬም የተያዙ ሰፋፊ ገበታዎች ናቸው። የቅዳሜው ሰውዬ ደጋግሞ ያስተማረው ነገር አለ፤ ፍሬሙ ውስጡ ቦይ ይወጣለታል፣ ገበታው ቦዩ ውስጥ ያለ ኮላ፣ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል። እንጨት በሰመር ርጥበት ጠጥቶ ይሰፋል፤ በዊንተር ማሞቂያ ሲያደርቀው ይጠብባል። ቦታ ካልተውክለት ራሱ ቦታ ይፈልጋል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ።

ሽማግሌዎቹ ሊያዩት መጡ። በአገራችን ዕቃ የሚመረመረው በመነቅነቅ ነው። በር የሚገዛ ሰው ይነቀንቀዋል፣ አልጋ የሚገዛ ሰው ይነቀንቀዋል፤ የሚንቋቋ ከሆነ አናጢው ሌባ ነው። ሐጂ ይማም መዳፋቸውን ገበታው ላይ አድርገው ገፋ አደረጉት። ቋ አለ።

«ሰይድ፣ ይህ ይንቀጫቀጫል እኮ።»

«እንዲያ ነው መሆን ያለበት፣ ሐጂ። እንጨቱ እንዲ...»

«የአላህ ቤት ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ዕቃ? ኧረ በአላህ! ኢማሙ በረገጡ ቁጥር ቋ ቋ ሊል?»

አብዱ ከኋላ «መሳቢያው ነው» አለ።

በማግስቱ ኮላውን አወጣሁ። ሐያት ያኔ ኬኔሶ ካለው ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ ጋራዡ ውስጥ ቆማለች።

«አባ፣ ሲሪየስሊ? ሰውዬው ምንድነው ያለው?»

«ሰውዬው የወሎ ሽማግሌ አያውቅም።»

«እንጨቱም አያውቃቸውም እኮ!»

ዝም በይ አልኳት። ዙሪያውን በኮላ ሞልቼ ጠረቅሁት። ሽማግሌዎቹ ነቀነቁት፤ እንደ ዐለት ነው። ማሻ አላህ ተባለ። ለታላቅ መታዘዝ ጥሩ ነው፤ ልጆቼንም ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ዳሩ ግን ሐኪም የታላቁን ቃል ሰምቶ መድኃኒት አይለውጥም፤ አናጢም እንዲሁ መሆን ነበረበት።

ዊንተር ገባ። ብርድ የበረታበት ዓርብ ማሞቂያውን ከጠዋት ጀምረው ከፍተውታል። ኢማሙ ስለ ትዕግሥት እየተናገሩ ነበር። ጧ! እንደ ጥይት። ከፊት ያሉት አጎነበሱ። ኢማሙ የሚንበሩን እጀታ ያዙ። ሳይቆይ በሌላው ጎን ደገመው። ገበታዎቹ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቀዋል።

ኹጥባ እየተካሄደ መናገር አይፈቀድም። ስለዚህ ማንም ምንም አላለም። ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ አንገቱን አዙሮ እኔን አየኝ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ኢማሙ እጀታውን ለቀቁና «ትዕግሥት...» ብለው ቀጠሉ፤ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አብዱ ነው።

የተሰነጠቀውን ገበታ አንዱን ነቅዬ፣ እንደ ሚስተር ኦቲስ፣ ጋራዤ በር አጠገብ አቆምኩት። ዘሐራ «ይህን ነገር አንሳው፣ ልቤን እየሰነጠቀው ነው» ብትለኝም አላነሳሁትም።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። አብዱ ስልኩን አወጣ፤ የወርቁ ሚንበር ሥዕል ከእጅ እጅ ዞረ። እኔ የተናገርኩት አጭር ነው፤ እንጨቱ ጥሩ ነው፣ ኮላው ነው የሰነጠቀው፣ ዕድል ከተሰጠኝ ያለ ኮላ እሠራዋለሁ፣ ይንቀጫቀጫል፣ የሚነቀንቀው ሰው ካለ ግን ሥራውን አልቀበልም። ድምፄ ጠንከር ሳይል አልቀረም።

ከዚያ ሐጂ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልቅ አድርጎ ሠርቶት ነበር። ያስጣበቅነው እኛ ነን። እኔ ነኝ የገፋሁት። ግን ሰይድ፣ እኛ ያልገባንን ነገር እንዴት እንመን? አስረዳን።»

እንዴት ላስረዳ? እኔ ራሴ የገባኝ በማየት ነው። ችግሩን የፈታችው ሐያት ናት። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የድሮዎቹን ፕሮግራሞች ዲቪዲ ተዋሰች፤ ቅዳሜ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ በፕሮጀክተር መስጊዱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አበራችው። የወሎ ሽማግሌዎች በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረው ተቀመጡ፤ የቅዳሜው ሰውዬ በሽርጡ ግድግዳውን ሞልቶ ብቅ አለ። ልጄ አጠገቡ ቆማ፣ በዚህ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ፣ እየተረጎመች።

«ይህ ሰውዬ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሐጂ፣ እኔንጃ። ቀረጻው የድሮ ነው።»

«ጨዋ ሰው ነው። ሲናገር አይቸኩልም።»

«ቢስሚላህ ሳይል ጀመረ እንጂ» አለ አንዱ።

«በልቡ ብሎ ይሆናል፤ ምን አገባህ! እይ እይ፣ አስገባው!»

ሰውዬው ገበታውን ቦዩ ውስጥ አንሸራተተና በእጁ ነቀነቀው። ቋ አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ አሮጌ የተሰነጠቀ ቁም ሣጥን አሳየ፤ ዙሪያው በኮላ የተጠረቀ። ሐያት መተርጎም አላስፈለጋትም። ሐጂ ይማም ጉልበታቸውን መቱ፤ «የእኛው ነው! ወላሂ የእኛው ሚንበር ነው!»

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ማንም አልተነሳም። «ሌላ አለ?» አሉ። አለ። የሻይ ጠረጴዛ ሲሠራ አዩ። ከዚያ የአልጋ ራስጌ። ዐሱር ደርሶ አዛን ባይባል ኖሮ እዚያው ያድሩ ነበር። አብዱ ሲወጣ ጆሮዬ ላይ «ለሱቄ እንዲያ ያለ ጠረጴዛ ስንት ቀን ይፈጅብሃል?» አለኝ። ስልኩን ኪሱ ከትቶታል።

ሁለተኛውን ሚንበር ስሠራ ሚስተር ኦቲስ በራሱ ፈቃድ መጣ። ዘንጉን ይዞ ነው የመጣው። ጫማውን አውልቆ መስጊዱ አዳራሽ ገባ፣ እያንዳንዱን ጣውላ ጉንጩ ላይ አስጠግቶ መረጠ። ሐጂ ይማም ቆመው ሲያዩት ቆይተው «ምን እያለው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የሚቀዘቅዘውን እየለየ ነው ስላቸው እሳቸውም ጣውላ አንስተው ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ክምሩን አብረው ለዩት።

ገጥሜ ስጨርስ ዘይት መቀባት ቀረ። ዘይት መቀባት ያለበት ከመገጠሙ በፊት፣ ገበታው ገና ለብቻው ሳለ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ሁሉም ከአጅሩ፣ ከምንዳው፣ ድርሻ ይፈልጋሉ፤ የአላህ ቤት ሥራ ሲሆን እጁን ያላስነካ ሰው አይኖርም። ተገጥሞ ከቆመ በኋላ ጨርቅ ጨርቃቸውን ይዘው ተሰለፉ። ቦዩ ውስጥ የተደበቀው የገበታው ጠርዝ ዘይት እንደማያገኝ አውቄአለሁ። ኮላውን እንቢ እንዳልኩ ይህንንም እንቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ይህ እንጨቱን አይጎዳውም፤ ሰዎቹን ደግሞ ደስ ያሰኛል። አባትነትም አናጢነትም የትኛው እንቢታ እንደሚያስፈልግ መለየት ነው፤ እኔ ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

ሰመር አለፈ። ዊንተር እንደገባ አንድ ዓርብ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ይማም ናቸው።

«ሰይድ፣ ና! ሚንበሩ ሊፈርስ ነው፤ ነጭ መስመር አወጣ!»

እየበረርኩ ሄድኩ። ማሞቂያው እየሠራ ነው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ሚንበሩ ሥር ተንበርክከዋል። እኔም አጠገባቸው ተንበረከክሁ። በገበታው ግራና ቀኝ ጠርዝ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ ዘይት ያልነካው የእንጨት መስመር ብቅ ብሏል። ጥፍሬን አስኬድኩበት። ስንጥቅ አይደለም። መሐሉንም አየሁ፤ ደኅና ነው።

ሳቄ መጣ። «ጠበበ እንጂ አልተሰነጠቀም፣ ሐጂ። ቦዩ ውስጥ የነበረው ነው የወጣው።»

«እንግዲህ ይህ መስመር ዊንተር ነው?»

«ዊንተር ነው።»

«ሰመር ሲሆን ተመልሶ ይገባል?»

«ኢንሻ አላህ ይገባል።»

ሐጂ ተነሥተው፣ ለዓርብ ሰላት የመጣውን ሰው ሁሉ በየተራ እየጎተቱ አሳዩት። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ሰላት ሲያልቅ አንዱ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ያያል። አብዱ ልጆቹን «መስመሩ ወጥቷል፣ ጃኬት ሳትለብሱ አትውጡ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ከሩቅ ለሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያሳዩት ያንን ነው፤ «የአናጢው የሰይድ ሥራ ነው» ብለው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አብዛኛውን ቀን ጋራዥ ውስጥ ነኝ። ባለፈው ሳምንት እጄ በመጋዝ ብናኝ እንደተሸፈነ ከሐጂ ይማም የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ሰላምታ እንኳ አልቀደሙም።

«ሰይድ፣ መስመሩ ዛሬ ገብቷል። ማሞቂያውን አጥፉ ብያቸዋለሁ።»